ቅዳሜ አቃቂ ወንዝ ዳር እንነድፋለን
ሰላም ቤተሰብ፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት አቃቂ ድልድዩ ጋ ተገናኝተን ወንዙን በእርሳስ እንነድፋለን። ሰበቡ አንዷ አባላችን ትናንት የለቀቀችልን የአምስተርዳም ቦይ ንድፍ ነው። በጥድፊያ መሠራቱ ያስታውቃል፣ ግን ውሃው ላይ መስመር የለም ማለት ይቻላል፤ ድልድዩ ሥር ብቻ እርሳሷን አጋድማ አጥቁራዋለች፣ የቀረው ነጭ ወረቀት ራሱ ውሃ ሆኗል። ከቦዩ ዳር የተደረደሩት ቀጫጭን ቤቶችም ሁለት ሁለት ጭረት ናቸው። እኔ ብሆን መስኮት ስቆጥር ይመሽብኝ ነበር!

4ቢ እርሳስ (ለስላሳውን፣ ጠቆር አድርጎ የሚጽፈውን) እና ደብተር ያዙ፣ ላጲስ ቤት ይቅር። ለአንድ ንድፍ 10 ደቂቃ ብቻ። የኛ ወንዝ ሽታ አለው፣ ቢሆንም የድልድዩ ጥላ ለእርሳስ ይመቻል። ዝናብ ከጣለ ለእሁድ ይዛወር ወይስ ካፌ እንግባ? የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።