ከበዓል ማግስት የሚረሱ አልጋ ላይ የዋሉ አረጋውያን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በባሕር ዳር ሰንበቴ ወይም የጽዋ ማኅበር ያልገባ ጡረተኛ ጥቂት ነው። ለገናና ለፋሲካ ዳቦና ጠላ ይዘን ችግረኛ እንጠይቃለን፤ ደግ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ግን የሚጎዳው በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ማክሰኞና ረቡዕ ነው። በ60 ዓመታችን ከሥራ ለተሰናበትን ሰዎች ደግሞ ከገንዘብ ይልቅ የተረፈን ይኸው የሥራ ቀን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የአልጋ ቁስል ነው። ራሱን መገልበጥ የማይችል ሰው በየ2 ሰዓቱ ጎን ሊቀየርለት ይገባል። ቀኑን ሙሉ አብረን አንውልም፤ ስለዚህ አገላበጡን ለቤተሰቡ ወይም ለጎረቤት እናሳይ። በሄድን ቁጥር ተረከዙን፣ ዳሌውንና የወገቡን ግርጌ እንይ። የቀላ ወይም ከቀረው ገላ የጠቆረ፣ የሚያተኩስ ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ በዚያ በኩል አይተኛ። ብዙ ሰው ለደግ ብሎ ቅባት ቀብቶ ያሸዋል፤ ማሸት የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ያቆስለዋል። ትራስ ከባቱ ሥር ሲገባ ተረከዙ ከፍራሹ ይነሣል። ብብት ይዞ ወደ ላይ መጎተት ቆዳ ይልጣል፤ ሁለት ሰው አንሶላውን ግራና ቀኝ ጨብጦ ያንሣው። ለዚህም፣ ለራሳችን ወገብም ሲባል ጥንድ ጥንድ ሆነን እንሂድ።

ሲጎርስ ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ከበላ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል አይጋደም። ተኝቶ የጎረሰው ትን ብሎ ሳንባው ሊገባ ይችላል። በጾም ምክንያት ምግብ የሚተው በሽተኛ ካለ የንስሐ አባቱን ማነጋገር ነው። ጠበል ስለጀመረ ኪኒኑን ያቋረጠም አይጠፋም፤ ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ በይፋ ተናግረዋል።

በሐምሌ ዝናብ ጠያቂው ይሳሳል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ በጣና ዳር ወባ ይበረታል። አጎበሩ ከፍራሹ ሥር መጠቅጠቁን እንይ፤ ትኩሳት የጀመረው 24 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ጣቢያ ይድረስ።

የየሰንበቴው ሙሴዎች (የማኅበሩ መሪዎች)፣ እባካችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ፤ የታማሚው ስም፣ ተረኞቹ ጥንዶችና ቀናቸው ይጻፍበት። አንዱ ቢቀር ማን እንደሚተካውም ከወዲሁ ይታወቅ።

ከጡረተኞች አንዱ፣ ባሕር ዳር