ሲምፎኒ የጥጋብ ጨዋታ አይደለም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ የሲምፎኒ ኦርኬስትራን ሙዚቃ ኑሮው የተደላደለ ሰው የሚዝናናበት፣ ከችግረኛ ሕዝብ ስሜት ጋር የማይገናኝ ጥበብ አድርጎ አቅርቦታል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በጨዋነት ስለገለጹ እኔም በዚያው መንፈስ ልመልስላቸው እወዳለሁ። አባባላቸው ግን ትክክል አይደለም፤ ይህንንም በአንድ አዳራሽ ውስጥ የተፈጸመ የታወቀ ታሪክ ያሳያል።

አዳራሹ የሚገኘው ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በተማርንባት በቀድሞዋ ሌኒንግራድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ለመኳንንቱ መሰብሰቢያ ተሠርቶ ያለቀው ይህ ቤት ነጫጭ ዓምዶች ዙሪያውን የቆሙበት፣ ከጣሪያውም ትላልቅ የክሪስታል መብራቶች የተንጠለጠሉበት ሲሆን፣ በኋላ ፊልሃርሞኒያ የሚባለው የከተማዋ የሙዚቃ ተቋም ታላቁ አዳራሽ ሆኗል። የሙዚቃ ደራሲው ቻይኮቭስኪ ስድስተኛ ሲምፎኒውን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 1893 ራሱ እየመራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰማው እዚሁ ነው፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላም ዐረፈ። በተማሪነቴ ዘመን ይህንኑ ሲምፎኒ እዚያው ሰገነት ላይ ቆሜ አዳምጬዋለሁ። ሦስተኛው ክፍል እንደ ድል ሰልፍ እየደመቀ ሲያበቃ ሙዚቃው ያለቀ መስሏቸው ያጨበጨቡ ነበሩ፤ የመጨረሻው ክፍል በሴሎዎቹና በኮንትራባሶቹ እየወረደና እየደከመ ሲጠፋ ግን ለማጨብጨብ የቸኮለ አንድም ሰው አልነበረም።

ጸሐፊው ሊያስቡበት የሚገባው ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሆነው ነው። የጀርመን ጦር ከሴፕቴምበር 1941 ጀምሮ ከተማዋን ከቦ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት ረሃቡ ሲጠና፣ ከፋብሪካ ሠራተኛው በቀር የአብዛኛው ሲቪል ነዋሪ የቀን ድርሻ 125 ግራም ዳቦ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። ዋናው የፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ አስቀድሞ ወደ ሳይቤሪያዋ ከተማ ኖቮሲቢርስክ ስለተወሰደ በከተማዋ የቀረው የሬዲዮ ኦርኬስትራው ብቻ ነበር። የከተማዋ ልጅ የሙዚቃ ደራሲው ሾስታኮቪች ከበባው ሳይጀመር እዚያው ከተማ ውስጥ ጀምሮ በኩይቢሸቭ (በዛሬዋ ሳማራ) የፈጸመው ሰባተኛ ሲምፎኒ ኖታው በአውሮፕላን ሲገባና የኦርኬስትራው መሪ ካርል ኤልያስበርግ ተጫዋቾቹን ለልምምድ ሲጠራ፣ መጫወት የሚችሉት ዐሥራ አምስት ያህል ብቻ እንደነበሩ ይነገራል። ድርሰቱ የሚፈልገው መቶ ያህል ሰው ነው። ከዚህም ውስጥ ስምንት ሆርን፣ ስድስት ትራምፔትና ስድስት ትሮምቦን አሉበት፤ እነዚህን በረሃብ በተጎዳ ሳንባ መንፋት ምን ማለት እንደሆነ የትንፋሽ መሣሪያ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከጦሩ የሙዚቃ ክፍሎች ሰው ተጨመረ፣ ለተጫዋቾቹ ተጨማሪ ምግብ ተፈቀደ፤ ያም ሆኖ ለዝግጅቱ ቀን ሳይደርሱ የሞቱ ነበሩ።

ሙዚቃው ነሐሴ 3 ቀን 1934 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 9 ቀን 1942)፣ ሀገራችን ከፋሽስት ወረራ ነፃ ከወጣች ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ መሆኑ ነው፣ በአዳራሹ ውስጥ ተሰማ። በከተማዋ ግንባር የሶቪየት ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ጎቮሮቭ የጠላት መድፎች ያን ምሽት ዝም እንዲሉ ቀድሞ አስደብድቧቸዋል። መብራቶቹ ሁሉ በርተው፣ ከግንባር የመጡ ወታደሮችና ዘመዶቻቸውን የቀበሩ ነዋሪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ በመጀመሪያው ክፍል ያ አጭር ዜማ ከትንሿ ከበሮ ጋር ከሹክሹክታ ተነሥቶ እየተደጋገመ ጆሮ እስኪያደነቁር ሲያድግ አዳመጡ። ድምፅ ማጉያዎችም በየመንገዱና እስከ ጠላት ምሽግ ድረስ አስተላለፉት። ከተጫዋቾቹ በሕይወት የቆዩት እ.ኤ.አ. በ1964 በዚያው አዳራሽ በኤልያስበርግ መሪነት እንደገና ተሰብስበው ይህንኑ ድርሰት ተጫውተዋል።

መንግሥት ለቅስቀሳ ተጠቅሞበታል የሚል ይኖራል፤ እውነትም ተጠቅሞበታል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ዓላማ ምንም ይሁን ምን፣ በረሃብ የደከመ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድን ከባድ ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የሰማው የሚሰማው ነገር ስላገኘበት ነው። እኛም ሐዘናችንን በሙሾ አውራጅ ቃልና ዜማ ስናወጣ የኖርን ሕዝብ ስለሆንን፣ መከራ የደረሰበት ሰው ሙዚቃ የሚፈልግበት ምክንያት ሊሰወረን አይገባም። ጸሐፊው የመግቢያ ዋጋው ለብዙ ሰው ከአቅም በላይ ነው ያሉትን እቀበላለሁ፤ ያ ግን የአዘጋጆች ጥፋት እንጂ የሙዚቃው ጠባይ አይደለም።

ስለሆነም የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ ስለ ኦርኬስትራ ዝግጅት ሲዘግብ ከታዳሚው አለባበስና ከተገኙት እንግዶች ማዕረግ ይልቅ ምን እንደተጫወቱ፣ ድርሰቱ በምን ዘመን እንደተጻፈ፣ የባለ ክርና የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ድምፅ ያለ ማይክሮፎን በአዳራሹ ውስጥ እንዴት እንደተሰማ እንዲነግረን እለምናለሁ። አዳራሽ የሚያስተዳድሩ ክፍሎችም ለተማሪዎችና ለጡረተኞች ከኋላ ወይም ከላይ ጥቂት ርካሽ መቀመጫዎችን ቢለዩ፣ የጸሐፊው ቅሬታ ትልቁ ክፍል መልስ ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ አዲስ አበባ