ትንሿን እብጠት ላያችሁልኝ ሁሉ

ሰላም ወገኖቼ። ድምፄ ገና ስለሚሻክር ለየአንዳንዳችሁ መደወል አልቻልኩም። በጽሑፍ ላመስግናችሁ።

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ ከአምስት ወር በፊት አንገቴ ላይ እብጠት አየሁ። መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ በእጁ እንኳ ሳይዳስሰኝ «እንቅርት ነው፣ ከዓመት በኋላ ተመለሺ» ብሎ ሸኘኝ። እማዬም ከደሴ በስልክ «እንቅርትማ በዘራችን አለ» አለችኝ። ተረጋጋሁ። ያልተረጋጋችው እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ጎትታ ሌላ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። የመጀመሪያው ምስጋና የሷ ነው።

በአልትራሳውንድ ሲታይ እብጠቱ ሁለት ሆነ፣ ግራና ቀኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! አንዱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላዋ 1.2። ሁላችንም ያፈጠጥነው ትልቁ ላይ ነበር።

አልትራሳውንዱን ያነሳችኝን ባለሙያ አልረሳትም። ትከሻዬ ሥር ትራስ አድርጋ አንገቴን ወደ ኋላ አዘነበለችው። ቀዝቃዛ ጄል ቀባችኝ። «አትዋጪ» አለችኝ። አትዋጪ ሲባል ያ ሁሉ ምራቅ ከየት እንደሚመጣ እንጃ! ቀጥላ ኢላስቶግራፊ የሚሉትን ምርመራ ሠራችልኝ። ገበያ ላይ አቮካዶ ጫን አድርገን እንደምንመርጠው ነው፤ መሣሪያው የሥጋውን ጥንካሬ እየለካ በቀለም ያሳያል። ካንሰር ብዙውን ጊዜ ከጤነኛው ሥጋ ይጠነክራል። በዚያ ማሽን ጠንካራው ሰማያዊ ነው። ትልቁ እብጠት አረንጓዴ ሆነ። ትንሿ ድፍን ሰማያዊ። «ውጤቱን ሐኪሙ ይነግርሻል» አለች፤ እጇ ግን ሦስት ጊዜ ወደ ትንሿ ተመለሰ።

ሐኪሜ በቀለም ብቻ ቢላ ስላላነሳ አመሰግነዋለሁ። «ጠንካራ ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ ለስላሳ ሆኖ የሚያታልልም አለ» ብሎ ከሁለቱም በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደ። ትልቁ ነፃ ወጣ። ትንሿ ፓፒላሪ የሚባለው የታይሮይድ (እንቅርት የሚያብጥበት የአንገት እጢ) ካንሰር ሆነች። ከታይሮይድ ካንሰሮች በብዛት የሚታየው እሱ ነው፤ አብዛኛው ሰውም ታክሞ ይድናል። ይህን ደጋግሞ ባይነግረኝ ኖሮ በፍርሃት ነበር የምሞተው።

ታይሮይዴ ሙሉ በሙሉ ወጣ። የድምፅ ነርቭ እዚያው ጥግ ስለሚያልፍ ቀዶ ሐኪሟ ገና ስነቃ «እስቲ ተናገሪ» አለችኝ። «ውሃ» አልኩ፣ በአማርኛ። ቃሉ አልገባትም፤ ድምፅ መውጣቱ ግን በቃት፣ ሳቀች። ሌሊት ጣቶቼንና ከንፈሬን ውርር ሲያደርገኝ በደሜ ውስጥ ካልሲየም ወርዶ መሆኑን ወዲያው ያወቀችው ነርስ፣ እጅሽ ይባረክ።

የእድራችን ሰዎች፣ አጥሚቱ ገና አላለቀም። ፈረቃዬን የሸፈናችሁልኝ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ብድራችሁን ያድርሰኝ። እማዬ፣ ዘግይቼ ስለነገርኩሽ ይቅር በይኝ።

ጎረቤቴ ሆይ፣ አሁን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ በታይሮይዴ ምትክ ኪኒን እውጣለሁ፤ ቡና ኪኒኑን ከዋጥኩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት እንዳታፈዪ፣ ሽታው አላስችል ይለኛል።