አባባ፣ እነዚያን ጥይቶች አይተኩሷቸው

ታኅሣሥ 18
ሱ ፎልስ፣ ሳውዝ ዳኮታ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ሌላ ቀን አረዝመዋለሁ። ዛሬ የቸኮልኩበት ነገር አለ።

ትናንት ማታ እህቴ በቴሌግራም ድምፅ ልካልኝ ነበር። ስለ ወንድሜ ሰርግ፣ ስለ ዳሱ፣ ስለ ጠላው ጌሾ፣ ስለ ሙሽራው ሱፍ ስታወራ ቆየችና መጨረሻ ላይ እየሳቀች "አባባማ ለሙሽሪት መግቢያ ቀለሃ እየሞላ ነው" አለች። ባሩድ ከየት አገኘ ብዬ ብጠይቃት ከክላሽ ጥይት እየፈለቀቁ ያወጣሉ አለችኝ። ጎረቤት ሲጠይቅዎ ደግሞ "ልጄም አሜሪካ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይሠራው የለ!" ይላሉ አሉ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

አባባ፣ እነዚያን ጥይቶች አይተኩሷቸው። አንዷንም። የሞሏቸውን በአንድ ጣሳ አድርገው ከምድጃና ከልጆች ያርቁልኝ። ልፍታቸውም አይበሉ።

በስልክ ብነግርዎ "እሺ እሺ" ብለው እንደሚዘጉት አውቃለሁ። መስመሩም ይቆራረጣል፣ ጆሮዎም እንደ ድሮው አይደለም። ደብዳቤ ሲሆን ግን መነጽርዎን አድርገው ሁለት ሦስት ጊዜ ነው የሚያነቡት። ለገና የሚመጣ ሰው ስላገኘሁ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያቺ ከምንሽር ቀለሃ ቆርጠው የወይራ እጀታ ያሰሩላት መስፈሪያ ለጥቁሩ ባሩድ ነው የተቆረጠችው። ጥቁሩ ባሩድ ደግ ነው። ትንሽ ቢበዛም ትንሽ ቢያንስም ይችልዎታል። የዛሬው ጭስ የሌለው ባሩድ ግን ዓይነቱ ብዙ ነው፣ አንዱ በሌላው ልክ አይሰፈርም። የክላሹ ለጠባብ አፈሙዝና ለትልቅ ግፊት የተሠራ ነው። በእርስዎ ባለ 12 ቁጥር ጠመንጃ ሰፊ አፈሙዝ ውስጥ ሲገባ ግፊቱ አይሞላለትምና በወጉ አይነድም። "ጡፍ" ይልና በባሩዱና በእርሳሱ መሐል ያለው ውታፉም እርሳሱም መሐል ላይ ተሰንቅረው ይቀራሉ። ሰርግ ነው፣ ከበሮ ነው፣ እልልታ ነው፣ ማን ልብ ይለዋል? "ከሸፈ" ይሉና ሌላ ያጎርሳሉ። ያን ጊዜ ነው አፈሙዙ የሚፈነዳው። ጎንዎ የሚቆመው ደግሞ ሙሽራው ነው።

ፈጣን ከሚባለው፣ ለሽጉጥ ከሚሆነው ዓይነት ባሩድ ቢገባበትማ ሁለተኛውን እንኳ አይጠብቅም። በዚያች መስፈሪያ ልክ ከሞሉት የመጀመሪያው እጅዎ ላይ ይፈነዳል። ጠመንጃዎ ደግሞ ከእርስዎም በዕድሜ ይበልጣል።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አውቃለሁ። አምና የጥይት መሙያ ማሽኔን ፎቶ ባልክልዎ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ደስ ይልዎታል ብዬ ነው የላክሁት። ደስ እንዳለዎትም፣ ፎቶውን ለሰንበቴው ሁሉ እንዳሳዩም ሰምቻለሁ። ግን እንዴት እንደሚሠራ ሳልነግርዎ ቀረሁ። እንግዲህ አሁን ልንገርዎት።

ማሽኑን አልገዛሁትም። ይሄን ለእርስዎ ሳይሆን "ለጨዋታ የሚሆን ገንዘብ አለው ማለት ነው" ላለው ሰው ነው የምናገረው። ማን እንደሆነም ነግረውኛል። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ ገበሬ አሉ፣ እሳቸው ናቸው ዓይናቸው ሲደክም የሰጡኝ። ማሽኑ ሜክ ይባላል፣ ዊስኮንሲን ውስጥ ሜይቪል በምትባል ከተማ የሚሠራ ነው። ጠረጴዛ ላይ በብሎን ይታሰራል። አናቱ ላይ ሁለት ጠርሙስ ተደፍቷል፣ በአንዱ ባሩድ፣ በአንዱ የእርሳስ ፍሬ። የተተኮሰውን ባዶ ቀለሃ ከሥሩ አስገብቼ እጀታውን ወደ ታች ስስበው ባሩዱን የሚያቀጣጥለው አሮጌው መለኮሻ ጠቅ ብሎ ይወድቃል፣ የሰፋው ናስም ወደ ልኩ ይመለሳል። ቀጥሎ አዲስ መለኮሻ። ቀጥሎ ባሩድ፣ ከዚያ የፕላስቲክ ውታፍ፣ ከዚያ እርሳስ። በመጨረሻ አፉ ይታጠፋል። ስምንት እጥፋት አለው፣ ልክ እንደ ጃንጥላ ተሰብስቦ መሐሉ ላይ ይገጥማል። በደንብ ሲገጥም ደስ ሲል! ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ እንደ ጥርስ የሌለው አፍ ነው፣ ፍሬው እየተንጠባጠበ ይወጣል።

ቀለሃው እዚህ ናስ አይደለም፣ ሥሩ ብቻ ናስ ሆኖ የቀረው ፕላስቲክ ነው። የምናገኘውም በቃርሚያ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የዒላማ ሜዳ አለ። ከሸክላ ሳህን የማይለዩ ክብ ነገሮች ከአንድ ጎጆ ውስጥ በማሽን ይወረወራሉ፣ በአየር ላይ እያሉ ይመታሉ። አንድ ዙር 25 ነው። መጀመሪያ ቀን 3 መታሁ። አሁን 19 ደርሻለሁ፣ ያውም ነፋስ እያለ። ተኩሱ ሲያበቃ አብዛኛው ሰው ቀለሃውን ጥሎ ይሄዳል፣ እኔና ሽማግሌው ጎንበስ ብለን እንለቅማለን። ከአጨዳ በኋላ ገብስ ስንቃርም የነበረውን አስታውሼ ብቻዬን ስስቅ ሽማግሌው ምን ሆንክ ይሉኛል። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው?

ባሩዱን ግን በዓይን አንሞላም። የባሩዱ ፋብሪካ ያሳተመው መጽሐፍ አለ። ለየትኛው ቀለሃ፣ በየትኛው መለኮሻ፣ በየትኛው ውታፍ ምን ያህል እንደሚገባ እዚያ ተጽፏል፣ ከዚያ ንቅንቅ የለም። የሚዛኑ መለኪያ ግሬይን ይባላል። የእህል ፍሬ ማለት ነው። 7,000ው አንድ ፓውንድ ይሆናል። እርስዎን የሚያስደስት መለኪያ ነው፣ ባሩድን በእህል ፍሬ መመዘን! ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይቀመጥም። ሬዲዮ ይዘጋል። ስልክ አይነሳም። አንድ ቀን ከእህቴ ጋር እያወራሁ ስሞላ አንዱን ሁለቴ የሞላሁት መሰለኝ። የትኛው እንደሆነ ስላላወቅሁ የዚያን ምሽቱን በሙሉ ቆርጬ ደፋሁት። ሽማግሌው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ልጅ ሆኜ "12 ቁጥር ለምን ተባለ?" ብዬ ጠይቄዎት "የፈረንጅ ቁጥር ነው" ብለውኝ ነበር። መልሱን አገኘሁልዎ። በአፈሙዙ ልክ የተድበለበለ እርሳስ 12ቱ አንድ ፓውንድ ይመዝናል። በቃ ይሄው ነው።

ከሱቅ ከመግዛት ይረክሳል እንዴ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ብዙም አይረክስም። ከአንድ የእርሳስ ከረጢት 350 ያህል ይወጣል፣ መለኮሻውና ባሩዱ ሲታሰብ ግን ትርፉ ከእጅ አይገባም። ታዲያ ለምን ትሠራዋለህ ቢሉኝ...

ያቺን ሌሊት ያስታውሷታል? ማሽላው አፍርቶ ዝንጀሮው ከአባይ በረሃ መውጣት ሲጀምር። መደቡ ላይ የፍየል ቆዳ አንጥፈው የናስ ቀለሃዎቹን ይደረድራሉ። እኔ ከሳሙና ካርቶን ውታፍ ክብ ክብ አድርጌ እቆርጣለሁ። እማዬ ኩራዙን ይዛ በሩ ጋ ቆማ "ቤቴን ልታቃጥሉት ነው!" ትላለች። እርስዎ "ቀረብ አድርጊው፣ አይታየኝም" ሲሉ አንድ እርምጃ ትቀርብና ሁለት ወደ ኋላ ትሄዳለች። ግማሹን በጨለማ ነበር የምንሠራው። ሙሽራው ጥግ ላይ ተኝቷል፣ ያን ጊዜ ገና ጡት አልተወም። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ፣ ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሲሆን፣ እጀታውን ስስብ ያ ሁሉ ይመጣብኛል። አምፖሉ ግን ብርሃኑ በዝቶ ያስጠላኛል።

ስለዚያ ሌሊት ካነሳሁ አይቀር፣ ያ እርሳስ የሚያቀልጡበት መጥበሻ አሁንም አለ? ካለ ይጣልልኝ። ከባትሪ የወጣ እርሳስ መርዝ ነው፣ ጭሱም ጭምር። እዚህ ከ1991 ጀምሮ፣ በፈረንጅ ነው፣ ዳክዬ በእርሳስ መምታት በአገሩ ሁሉ ክልክል ነው። የወደቀውን ፍሬ እየዋጡ ይመረዙ ነበርና። እኔም ስጨርስ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ እንጀራ አልነካም።

አደኑን እማዬ ጠይቃኛለች አሉ። ንገሯት፣ ጅራቱ ረጅም የሆነ፣ ፌዛንት የሚባል የዱር ዶሮ ነው። ዘሩ ከቻይና የመጣ ነው፣ ዛሬ የዚህ ግዛት መለያ ወፍ ሆኗል። እኔ ገና ዜግነት አላገኘሁም፣ እሱ አግኝቷል። በቀን ሦስት አውራ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሴቷን መንካት ያስቀጣል። እርስዎም ጫጩት ያላትን ቆቅ አይነኩም ነበር። እማዬ ደግሞ "ማን የባረከውን ትበላለህ?" ማለቷ አይቀርም። እኔው ሮጬ ደርሼ፣ በስመ አብ ብዬ ነው የማርደው። ከደረስኩበት። ካልደረስኩበት ለሽማግሌው ነው።

አሁን ወደ ሰርጉ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር 700 ዶላር አለ። ሁለት መቶው የእማዬ ጉልበት ነው፣ ለበሬው እንዳይነካ። ማነሱን አውቃለሁ። ሌላው ልጅ ለወንድሙ ሰርግ ምን እንደላከም ሰምቻለሁ። እኔ ግን ይሄ ነው ያለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ በየወሩ ገንዘብ ስልክላችሁ አንድም ወር አላጓደልኩም፣ ይሄን የሚቆጥርልኝ ሰው የለም። ይቅርታ፣ ይሄን ለእርስዎ ማለት አልነበረብኝም።

የማልመጣበትን ምክንያት "ፈቃድ አልሰጡኝም" ብዬ ነግሬያችሁ ነበር። ይቺን አንቀጽ ለእማዬ አያንብቡላት። የምሠራው ሥጋ ፋብሪካ ነው፣ ያንን ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት አቆራረጥ ስቆርጥ ቀኝ እጄ ደንዝዞ ሌሊት መጨበጥ አቃተው። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ቢላ እንዳልይዝ ከለከለኝ። ደሞዙም በዚያው ልክ ወረደ። አሁን ተሽሎኛል። የማሽኑን እጀታ በግራዬ ነው የምስበው፣ ስለለመድኩት አያስቸግረኝም። ይኸው ነው፣ ሌላ የደበቅኩት የለም።

ሙሽራውን ሳስበው ግን አንጀቴ ይላወሳል። አዝዬው ወንዝ ያሻገርኩት ልጅ ነው። ስወጣ አስራ አንድ ዓመቱ ነበር፣ አሁን በፎቶ ሳየው ከእኔ ይረዝማል። ሙሽሪትን በስልክ አነጋግሬያታለሁ፣ ድምጿ ደስ ይላል። ታፍራለች፣ ግን ስትስቅ ትስቃለች። ሚዜዎቹ እንዳያሰክሩት ይንገሩልኝ። ሙሽሪት ስትገባ ተኩስ ካልኖረ ሰርግ አይመስልም እንደሚሉ አውቃለሁ። አንድ ጎረቤት ሊተኩስ ቢነሳ እንኳ ይከልክሉልኝ፣ ወደ ላይ የወጣ ጥይት የሆነ ቦታ ይወርዳል። እማዬ እልል ካለች ከደጀን ማዶ ይሰማል፣ ምን ጎደለ? ጠመንጃውን ከፈለጉ ባዶውን በትከሻዎ ይያዙት። እንደዚያ ሆነው ፎቶ ይነሱልኝና እህቴ ትላክልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሰው የሚመለሰው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ግን እሱን አይጠብቁ። ሻዩን ጠጥቶ ሲነሳ ያቺን መስፈሪያ ይስጡልኝ። ቦሌ ላይ ምንድን ናት ካሉት የጨው መስፈሪያ ናት ይበል። እማዬ ተናዳ አንዴ ጨው ሰፍራባት የለ? በርበሬውን እንደተመቻት ትላክ፣ መስፈሪያዋ ግን በዚያው ቀን ከቤት ትውጣልኝ። እዚያ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ እያዩዋት ዝም ብለው እንደማይቀመጡ አውቃለሁ።

ልጅዎ