የጥፍር ቀለም አለ፣ የቆዳ ቀለም የለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ፐልስ ኦክሲሜትር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ጣት ላይ ተቆንጥጦ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ስለሚለካው ስለዚያ ትንሽ መሣሪያ ማለቴ ነው። አጠቃቀሙን ቁልጭ አድርጋችሁ አስረድታችኋል። እጅ ከቀዘቀዘ ይሙቅ፣ ጣት አይንቀሳቀስ፣ ጥፍር ቀለም ከተቀባ ይለቀቅ ብላችኋል። እዚህ ድረስ ልክ ናችሁ።

ከዚያ ግን አንድ አረፍተ ነገር ጨመራችሁ። መሣሪያው 94 በመቶና ከዚያ በላይ ካሳየ ማንንም ሰው የሚያሰጋ ነገር የለም፣ ሐኪም ቤት መሄድም አያስፈልግም የሚል። ያን ሳነብ ደሜ ፈላ። ምናልባት አንድ ቦታ ላይ ማሳሰቢያ ይኖራል ብዬ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። የጥፍር ቀለም አለ። የቆዳ ቀለም የትም የለም። ፎቶው ላይ ያለው ጣት ራሱ የነጭ ሰው ጣት ነው።

ለመሆኑ ጋዜጣችሁን የሚያነበው ማነው? በአማርኛ ጽፋችሁ ለእኛ ነው ያቀረባችሁት። አብዛኞቻችን ጠይም ወይም ጥቁር ነን። መሣሪያው የሚሳሳተው ደግሞ በእኛ ዓይነቱ ቆዳ ላይ ነው። ይህን አንድ ነገር ትታችሁ ስለ ጥፍር ቀለም ትመክሩናላችሁ?

እናቴ የሳንባ ሕመምተኛ ናት። መሣሪያው ከራስጌዋ አይጠፋም። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት ይዘናት ወጣን። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ ማረፍ ነበረባት። አየር በሳበች ቁጥር የአንገቷ ጅማት ይገተራል፣ ከአንገቷ ሥር ያለው ጎድጓዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ነርሷ መሣሪያውን ጣቷ ላይ አድርጋ ቁጥሩን አየች። «እማማ፣ 94 ነው። ኦክስጅንዎ ጥሩ ነው። ጭንቀት ይሆናል፣ ትንሽ ይረጋጉ» አለቻት። ከእኛ በኋላ የመጡ ሰዎች እየገቡ እኛ አግዳሚ ወንበር ላይ ቀረን። እኔ እናቴን አያለሁ፣ እነሱ ቁጥሩን ያያሉ። ስለምን ብዬ ስጠይቅ ቁጥሩን መልሰው ያሳዩኛል። በመጨረሻ ተረኛው ሐኪም መጣ። ፊቷን አይቶ ብቻ ከእጇ አንጓ፣ ከደም ቅዳው፣ ደም እንዲወሰድ አዘዘ። ውጤቱ ሲመጣ ኦክስጅኗ መሣሪያው ካለው በጣም ያነሰ ነበር። ሩጫው ያኔ ተጀመረ። ይቅርታ ያላት ሰው ግን አልነበረም።

ነርሷን ክፉ ናት አልልም። የተማረችውን ነው የሠራችው። እናንተ በዘገባችሁ የጻፋችሁትን ነው የሠራችው። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ያች አግዳሚ ወንበር ላይ ያስቀረችንን ምክር ዛሬ እናንተ ለሺዎች ቤት አዳረሳችሁት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳ። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል። አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው ለዓይን የማይታየው ኢንፍራሬድ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅንን የሚያጓጉዘው ሄሞግሎቢን ነው። ኦክስጅን የተሸከመው ኢንፍራሬዱን ይበልጥ ይውጣል። ኦክስጅን የሌለው ቀዩን ይበልጥ ይውጣል። መሣሪያው ከሁለቱ ምን ያህሉ እንዳለፈ አነጻጽሮ ቁጥር ይሰጣል። ቆዳም፣ ሥጋም፣ አጥንትም ብርሃን ስለሚውጡ መጀመሪያ ላይ ይህ ትልቅ ችግር ነበር። ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ መላ አገኘለት። ልብ በመታ ቁጥር ከፍ ዝቅ የሚለውን ብርሃን ብቻ ወስዶ የማይለዋወጠውን ከሒሳብ አወጣው። ቆዳ እንደ ደም ሥር ስለማይመታ ቀለሙ ለውጥ አያመጣም ማለት ነው። ድንቅ ሐሳብ ነው፣ ስንቱን ሕይወት አትርፏል። በተግባር ሲታይ ግን የቆዳው ተጽዕኖ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። በጥቁር ቆዳ ላይ፣ በተለይ ኦክስጅን ሲወርድ፣ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው። ወደ ታች ቢሳሳት ኖሮ ቢበዛ በከንቱ እንደነግጥ ነበር። ወደ ላይ ሲሳሳት ግን በሽተኛው ታሞ እያለ ደህና ነህ ይባላል።

ይህ ትናንት የተሰማ ወሬ ቢሆን ኖሮ አልወቅሳችሁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990 አማል ጁብራንና ማርቲን ቶቢን የተባሉ ሐኪሞች በመተንፈሻ ማሽን ላይ ባሉ ሕሙማን ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመዋል። ለነጮቹ ሕሙማን መሣሪያው 92 ካሳየ በቂ ነበር። በጥቁሮቹ ላይ ግን ያው 92 ብዙ ጊዜ የኦክስጅን እጥረትን ይደብቅ ነበር። ለእነሱ 95 ይሁን ብለው ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ የተሠራ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞችን ለክቶ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ከዚያስ? መሣሪያው መሸጡን ቀጠለ፣ ሁሉም ዝም አለ።

ዝምታውን የሰበረው ኮቪድ ነው። በታኅሣሥ ወር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ቁጥሮቻቸውን አወጡ። በተመሳሳይ ጊዜ በመሣሪያ የተነበበውንና ከደም ቅዳ በተወሰደ ደም የተለካውን ጎን ለጎን አስቀመጡ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየባቸው ጊዜያት፣ እውነተኛው ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች ከ2,778 ልኬቶች በ99ኙ ነው። በጥቁሮች ከ749 ልኬቶች በ88ቱ ነው። በመቶኛ ሲሰላ 3.6 እና 11.7 ይሆናል። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የእናንተ 94 የተቀመጠው እዚሁ ከ92 እስከ 96 መሃል ላይ ነው። ጸሐፊያችሁ ይህን አላየም ለማለት ይከብደኛል። ጥናቱ በዓለም ሁሉ ተወርቷል።

ልዩነቱ በአማካይ አንድ ሁለት ነጥብ ነው፣ ምን ያካብዳል የሚል ሰው አይጠፋም። በአማካይ እውነት ነው። ሕክምና ግን በአማካይ አይሰጥም። መስመር ይሰመራል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ኦክስጅንና መድኃኒት ያገኛል፣ በላይ ያለው ወደ ቤቱ ይሸኛል። አንድ ሁለት ነጥብ ሰውን ከመስመሩ ወዲያ ማዶ ሊያስቀምጠው ይችላል። በ2022 በአሜሪካ የታተመ ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። በኮቪድ የታመሙ ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች መድኃኒት እንደሚገባቸው የታወቀው ዘግይቶ ነው። ያልታወቀላቸውም ነበሩ።

መሣሪያው በማን ላይ እንደተፈተነ ደግሞ ስሙ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ለአምራቾች ያወጣው መመሪያ ቢያንስ 10 ጤነኛ ሰዎች ላይ ሞክሩ ይላል። ከእነዚህ ውስጥ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ቢያንስ 2 ወይም 15 በመቶ፣ የበለጠው ይሁን ይላል። ሁለት ሰው! እነሱም ጤነኛ ናቸው። እጇ የቀዘቀዘ፣ የደም ዝውውሯ የተዳከመ፣ ትንፋሿ የተቆራረጠ እንደ እናቴ ያለች ሴት እዚያ ውስጥ የለችም። ያው መሥሪያ ቤት በየካቲት 2021 ስለ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ አወጣ። በጥር 2025 ደግሞ ተሳታፊዎቹ 150 እና ከዚያ በላይ እንዲሆኑ፣ የቆዳቸው ቀለም ከነጣው እስከ ጠቆረው እንዲዳረስ የሚል ረቂቅ አቀረበ። እነሱ እንኳን ጉድለቱን አምነው እየተቀበሉ፣ እናንተ መሣሪያው ለሁሉም እኩል እንደሚሠራ አድርጋችሁ ትጽፋላችሁ።

መሣሪያውን ጣሉት እያልኩ አይደለም። እኛም ቤት አለ፣ ዛሬም እንጠቀምበታለን። ግን እንዴት እንደምናነበው ተምረናል፣ ዘገባችሁ መናገር የነበረበትም ይህንን ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የማስጠንቀቂያው ሰነድ ራሱ መሣሪያው 90 ካሳየ እውነተኛው በአብዛኛው ከ86 እስከ 94 ባለው ውስጥ ነው ይላል። ስለዚህ እናቴ ደህና ስትሆን ስንት እንደሚያሳይ መዝግበናል። ከዚያ ከወረደ፣ ቁጥሩ ገና «ጥሩ» በሚባለው ውስጥ ቢሆንም እንነሳለን። ከቁጥሩ በፊት ሰውየውን ማየት ነው። አረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ይጨርሳል? ደረቱ ይጨንቀዋል? ግራ ይጋባል? ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል ብላችሁ ጽፋችኋል፣ ይህም ለነጣ ቆዳ የተጻፈ ምክር ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ ከንፈር ወደ ግራጫ ሊሄድ ይችላል፣ ሰማያዊውን ፈልጎ ማጣት ቀላል ነው። ምላስን፣ ድድንና የከንፈርን ውስጠኛ ክፍል ማየት ይሻላል። ይህን ለመጻፍ አራት መስመር ይበቃ ነበር።

የምጠይቀው ማረሚያ ነው። ዘገባው በወጣበት ቦታና በዚያው መጠን ይውጣ፣ ገጽ ጥግ ላይ አትወሽቁት። የ94ቷን አረፍተ ነገር ከድረ ገጻችሁ አንሱና ለምን እንዳነሳችሁት ጻፉ። አንድ የሳንባ ሐኪም አነጋግሩ፣ ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው ምን እንደሚመክሩ ጠይቁ። ጸሐፊያችሁ ማየት ከፈለጉ ደግሞ የዚያን ሌሊት የእናቴ የደም ምርመራ ወረቀት እጄ ላይ አለ፣ ቢሯችሁ ድረስ አመጣዋለሁ።

የዘወትር አንባቢያችሁ