ግልጽ ደብዳቤ፦ የሞተር መንጃ ፈቃዳችን ለንደን ላይ ከዓመት በላይ ይኑር

ለኢትዮጵያ ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለንደን ለሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ

ጉዳዩ፦ በብሪታንያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሞተረኞችን መንጃ ፈቃድ ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የምጽፍልዎ ከለንደን ነው። ሞተረኛ ነኝ። ከአገሬ ስወጣ የሞተር መንጃ ፈቃድ በኪሴ ነበር፤ አሁን የእንግሊዙን ይዣለሁ። የእኔ ነገር አልቋል፤ ስለ ራሴ ለማልቀስ አልተነሳሁም። ነገር ግን በየወሩ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር አዳዲስ ልጆች ይመጣሉ። አብዛኞቹ መጀመሪያ የሚያስቡት ሥራ ዴሊቨሪ ነው። «መንጃ ፈቃድ አለኝ፣ ሞተር እከራያለሁ፣ እጀምራለሁ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ የሚገጥማቸውን አውቀዋለሁ። እናንተ ልታቀሉት የምትችሉትም ነገር አለ።

ሕጉ እንዲህ ነው። በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብሪታንያ ውስጥ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር መንዳት ይቻላል፤ መኪናም ሆነ ሞተር። 12 ወሩ ባለቀ ማግስት ያ ፈቃድ ለመንገድ አያገለግልም። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ዲቪኤልኤ የተባለው መሥሪያ ቤትም ወደ እንግሊዝ ፈቃድ አይቀይረውም። ሃያ ዓመት የነዳም፣ ትናንት ያወጣም እኩል ጀማሪ ይሆናሉ።

የሚቀየርላቸው አገሮች አሉ። አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ሲንጋፖር፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ዩክሬን ዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካና ዚምባብዌ አሉበት። ኢትዮጵያ የለችም።

እዚህ ያለው የአበሻ ካፌ ውስጥ ይህ ወሬ ሲነሳ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ «ንቀት ነው» የሚል ነው። ሌላው «እነሱ በግራ ነው የሚነዱት፣ እኛ በቀኝ፤ ስለዚህ ነው» የሚል። ሁለተኛው እንኳ ውሃ አያነሳም። ካናዳም፣ ኮሪያም፣ ዩክሬንም በቀኝ ነው የሚነዱት። የመጀመሪያውንም ብዙ አልገፋበትም። የብሪታንያ የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 108 ምን እንደሚፈልግ በግልጽ ይናገራል። የትራንስፖርት ሚኒስትራቸው አንድን አገር ዝርዝሩ ውስጥ ለማስገባት፣ በዚያ አገር መንጃ ፈቃድ የሚሰጥበት አሠራር አጥጋቢ መሆኑን ማመን አለበት። ጥያቄው እንግዲህ ወደ እኛው ይመለሳል፦ የእኛ አሠራር አጥጋቢ ነው ወይ? ይህን ለማሳየትስ ወረቀት አዘጋጅተን እናውቃለን ወይ?

እኛ በበኩላችን የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ይዞ አገር ቤት የሚገባን ሰው ሰነዱን አረጋግጠን ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ እንቀይርለታለን። ጥሩ እናደርጋለን። ግን ለንግግር ስትቀመጡ ይህች ነገር ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ትችላለች።

አሁን የሞተሩን መንገድ ላስረዳዎ። ዝርዝር ስለሚበዛ ይታገሱኝ፤ ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ ፕሮቪዥናል የሚባለው ጊዜያዊ ፈቃድ ይወጣል፤ በኢንተርኔት 34 ፓውንድ ነው። ከዚያ ሲቢቲ አለ። ይህ ፈተና ሳይሆን የግድ የሚወሰድ ሥልጠና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ይሠራል፤ በመጨረሻ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከአሠልጣኝ ጋር መንገድ ላይ ይነዳል። ጅማ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሞተር ላይ ያደገ ሰው «ይህ ፍሪሲዮን ነው፣ ይህ ፍሬን ነው» ሲባል ዝም ብሎ መስማት አለበት። ያስቃል። ግን ጠዋት «ይህን ሁሉ አውቀዋለሁ» ያሉ ሰዎች ማታ ሲወጡ ወደ ኋላ ትከሻቸውን ገልምጠው ማየት የጀመሩት በዚያው ቀን ነው፤ ስለዚህ ሥልጠናውን አልነቅፍም።

የሲቢቲ ወረቀት ለሁለት ዓመት ያገለግላል። የሚፈቅደው እስከ 125 ሲሲ ብቻ ነው። ከፊትና ከኋላ ተለማማጅ መሆንን የሚያሳይ ቀይ ኤል (L) ፊደል ያለበት ሰሌዳ ይለጠፋል። ሰው ማፈናጠጥ ክልክል ነው። ሞተርዌይ የሚባለው ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ መግባትም ክልክል ነው። ብዙው የእኛ ልጅ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። በየሁለት ዓመቱ ሲቢቲውን እያደሰ፣ ኤሉን እንደለጠፈ ይኖራል። ኢንሹራንሱ ይከብደዋል፤ ለዴሊቨሪ ደግሞ የተለመደው ኢንሹራንስ አይበቃም፣ ለንግድ ሥራ የሚሆነው መገዛት አለበት። ለምን ሙሉውን ፈቃድ አያወጣም ቢሉ፣ የሚቀጥለው ደረጃ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው።

የጽሑፍ ፈተናው 50 ጥያቄ አለው፤ 57 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለማለፍ 43 መመለስ ያስፈልጋል። ከዚያ ቪዲዮ እያዩ አደጋ ሲመጣ ቶሎ መለየት አለ፤ ከ75ቱ ነጥቦች 44ቱን ማምጣት ግድ ነው። እስከ ሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ድረስ ጥያቄዎቹን በ19 የውጭ ቋንቋዎች በጆሮ ማዳመጫ መስማት ይቻል ነበር። አማርኛ ያኔም አልነበረበትም። ያ ቀርቶ ዛሬ ያለው እንግሊዝኛና የዌልስ ቋንቋ ብቻ ነው። ጀርመን ያሉ ወገኖቻችንም ሌላ ችግር አለባቸው። እዚያ የእኛ ፈቃድ ዕድሜ ከመጡ በኋላ ስድስት ወር ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ዓረብኛን ጨምሮ በ12 የውጭ ቋንቋ መውሰድ ይቻላል፤ አማርኛ ግን እዚያም የለም።

አማርኛ አስገቡልን ብለን የእንግሊዝን መንግሥት ብንጠይቅ የሚሰማን አይመስለኝም። እናንተ ግን ማዘጋጃ ጽሑፍ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ብታወጡ ማን ይከለክላችኋል? የለንደንን ጎዳና ሌሊት ጨርሶ የሚያውቅ፣ ከደንበኛ ጋር በስልክ ተግባብቶ ፒዛ የሚያደርስ ልጅ፣ የጥያቄው አነጋገር ነው የሚያደናቅፈው። ደንቡን አንዴ በአፍ መፍቻው ቢረዳው እንግሊዝኛው ብዙ አይከብደውም።

ከጽሑፉ በኋላ ሁለት የተግባር ፈተና አለ፤ ሞጁል አንድና ሞጁል ሁለት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የደብዳቤዬ ዋና ነገር ያለው እዚህ ነው።

ሞጁል አንድ በዝግ ግቢ ነው፤ ክፍያው 15 ፓውንድ ከ50 ነው። ሞተሩን ሳያስነሱ በእጅ መግፋት አለ። በኮኖቹ መካከል መጠማዘዝና ስምንት ቁጥር መሥራት አለ። በእግር የሚሄድ ሰው ፍጥነት ያህል ቀስ ብሎ መንዳት አለ። ጠባብ ቦታ ላይ ዞሮ መመለስም አለ። እስከዚህ ድረስ የእኛ ልጆች አያፍሩም፤ ስምንት ቁጥርማ የኛ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ነው የሚጥላቸው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየነዱ ፈታኙ እጁን ሲያነሳ ሳይንሸራተቱ ድንገት መቆም። እንደገና በዚያው ፍጥነት መጥተው፣ ፊት ለፊት መሰናክል እንዳለ አድርገው ወደ ጎን ዞር ብለው ማለፍና መቆም። ይህን በአገራችን ተፈትኖ የመጣ እኔ አላገኘሁም። እኔም በተፈተንኩበት ቦታ፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ስምንት ቁጥሩን ዞሬ ስጨርስ «ጨርሰሃል» ነው የተባልኩት። ፍሬኑን በፍጥነት ላይ ስይዝ ምን እንደሚሆን ማንም አላየልኝም።

ሞጁል ሁለት መንገድ ላይ ነው። በሥራ ቀን 75 ፓውንድ ነው። ፈታኙ ከኋላ ይከተላል፤ በጆሮ በተሰካ ሬዲዮ «በሚቀጥለው ወደ ግራ» ይላል። የተወሰነውን መንገድ ደግሞ ምልክት ብቻ እየተከተሉ ለብቻ መንዳት ነው። ዕድሜው 24 የሞላው በዚህ ሁሉ ካለፈ ማንኛውንም ሞተር መንዳት ይችላል። ከ19 ዓመት ጀምሮ ያለው እስከ 35 ኪሎዋት ጉልበት ባለው ሞተር ይወሰናል።

እንግዲህ ክቡር ሚኒስትር፣ ፈተናው ይቅርልን አልልም። ሞተር ላይ ያለ ሰው ቆርቆሮ የለውም፤ የሚከላከልለት ሄልሜትና ያገኘው ሥልጠና ነው። የምለው የእኛን የሞተር ፈተና እዚህ ደረጃ አምጡት ነው። ድንገት መቆምና መሰናክል ማለፍ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ሰፋ ያለ አስፋልት፣ ኮንና የሠለጠነ ፈታኝ ይበቃል። የመንገድ ላይ ፈተናው ሁለት ሬዲዮ ይፈልጋል። መኪናው ቢቆይም ሞተሩ ይቅደም፤ ጠባብ ዘርፍ ስለሆነ ለማስተካከል ይቀላል።

ለነገሩ አገር ቤት ሞተር ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ ወንጀል ነው የሚሄደው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ በሞተሮች እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ስትጥል ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። የዝርፊያው ነገር እውነት ነው፤ ተዘርፌም አውቃለሁ። ግን ሞተረኛውን በፖሊስ ዓይን ብቻ ስናየው የብቃቱ ጉዳይ ባለቤት አጣ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ማረጋገጫ ነው። ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ አገር ውስጥ ሲነገርለት የኖረ ችግር ስለሆነ፣ ሌላ አገር ዓይኑን ጨፍኖ እንዲያምነን መጠበቅ አይቻልም። እዚህ አንድ አሽከርካሪ ኢንተርኔት ገብቶ ቁጥር ያወጣል፤ ያን ቁጥር ለአሠሪው ወይም ሞተር ለሚያከራየው ይሰጣል፤ ሰውየው ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑንና ምን ዓይነት እንደሆነ ወዲያው ያያል። ቁጥሩ ለ21 ቀን ይሠራል፣ ክፍያ የለውም። ከክልል ክልል የተበተነውን የእኛን መዝገብ እንዲህ በአንድ መስኮት ማሳየት ከተቻለ፣ የመቀያየር ንግግሩ ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው። ያኔ ሚኒስቴሩ ለብሪታንያ የትራንስፖርት ሚኒስቴር «ኑና እዩን» ብሎ መጻፍ ይችላል።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ነገ ሊሠራ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ፕሪንስስ ጌት ያለው ኤምባሲያችን አንድ ገጽ ማስታወቂያ ያውጣ። ስለ 12 ወሩ ይንገር። «ዓመቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ በመጣችሁ በጥቂት ወራት ፕሮቪዥናሉን አውጡና ፈተናውን ጀምሩ፤ በአገራችሁ ፈቃድ እየሠራችሁ ትጨርሱታላችሁ» ይበል። ይህን ሰው ስለማይነግራቸው ነው ልጆቹ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚነቁት። ያኔ ፖሊስ ያስቆማል። ፈቃዱ ዋጋ የለውም ሲባል ኢንሹራንሱም አብሮ ይጠየቃል። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት 300 ፓውንድና 6 የቅጣት ነጥብ ያስከትላል፤ ሞተሩም በክሬን ተጭኖ ሊሄድ ይችላል። የተከራየው ሞተር ከሆነ ዕዳው ሌላ ነው። ሙሉ ፈቃድ ካወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው ደግሞ 6 ነጥብ ከደረሰበት ፈቃዱ ይሰረዝና ከፕሮቪዥናል እንደገና ይጀምራል።

እዚህ ያለን ነባር ሞተረኞች ማዘጋጃ ጽሑፉን በመተርጎም ለማገዝ ፈቃደኞች ነን፤ ክፍያ አንጠይቅም። ኤምባሲው አዳራሹን ለአንድ ቅዳሜ ከሰጠን አዲስ የመጡትን ሰብስበን የፈተናውን አካሄድ እናስረዳለን። ሻዩን እኛ እናመጣለን።

መልሱን ለእኔ በግል መላክ አያስፈልግም። ኤምባሲው በር ላይ ባለው ማስታወቂያ ሰሌዳ ቢለጠፍ ሁላችንም እናነበዋለን።

ከአክብሮት ጋር

በለንደን ነዋሪ የሆነ ሞተረኛ