«ተቃጥሏል» ከመባሉ በፊት ሦስት ሽቦ ይገናኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና የሚጫንባቸው ትናንሽ ቦርዶች ከተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክት ያለፈ ሥራ ይሠራሉ። ራስበሪ ፓይ፣ ኦሬንጅ ፓይ፣ ቢግልቦን ብላክ፣ አንዳንዴም ሶፍትዌሩ የተቀየረለት አሮጌ የዋይፋይ ራውተር የቡና መጋዘን እርጥበት ለመመዝገብ፣ የበር ካሜራ ለመያዝ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለመሆን ይበቃል። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ቃል ነው፦ «ተቃጥሏል»። ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ምስል ያላመጣ ቦርድ ሁሉ ይህ ፍርድ ይፈረድበታል፤ ባለቤቱም ወይ ሌላ ያስመጣል ወይ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ይተዋል። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጅማ ለሚኖር ሰው ሌላ ቦርድ ማስመጣት የገንዘብም የጊዜም ጣጣ አለው። ፍርዱ ግን የሚሰጠው ቦርዱ ሳይጠየቅ ነው።

ቦርዱ ኮረንቲ ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም ፋብሪካ ውስጥ ቺፑ ላይ የታተመ ነው። በተሳሳተ አጫጫን ሊጠፋ አይችልም። በብዙዎቹ ቦርዶች ይህ ፕሮግራም ሚሞሪ ካርዱን ወይም ቦርዱ ላይ የተበየደውን ኢኤምኤምሲ የተባለ ማከማቻ ከፍቶ፣ ከተወሰነ ቦታ ኤስፒኤል የሚባለውን አጭር ፕሮግራም ያነባል። ኤስፒኤል አጭር የሆነበት ምክንያት ዋናው ራም ገና ስላልተነሳ ቺፑ ውስጥ ባለችው ጠባብ ማስታወሻ መብቃቃት ስላለበት ነው። እሱ ራሙን አስነስቶ ዩ-ቡት የተባለውን ዋና አስነሺ ፕሮግራም ይጠራል፤ ዩ-ቡት የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ከርነሉንና የቦርዱን አካላት የሚዘረዝረውን የዲቫይስ ትሪ ፋይል ራም ላይ ይጭናል፤ ከርነሉ ደግሞ የፋይል ሥርዓቱን ከፍቶ ሊኑክስን ያስነሳል። ቴሌቪዥኑ ላይ ምስል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥቁር ስክሪን ሰንሰለቱ የት ላይ እንደተበጠሰ ምንም አይነግርም፤ የሚነግረው ቦርዱ የሚሠራውን በጽሑፍ የሚያወጣበት የሲሪያል መስመሩ ነው።

የሚያስፈልገው ሲፒ2102፣ ሲኤች340 ወይም ኤፍቲ232 ቺፕ ያለው ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር አዳፕተርና ሦስት ሽቦ ነው። ግራውንድ ከግራውንድ፣ የአዳፕተሩ ቲኤክስ (መላኪያው) ከቦርዱ አርኤክስ (መቀበያው)፣ የአዳፕተሩ አርኤክስ ከቦርዱ ቲኤክስ ይገናኛል። የኮረንቲው እግር አይነካም፤ ቦርዱ በራሱ ቻርጀር ይነሳል። አዳፕተሩ የ5 እና የ3.3 ቮልት መምረጫ ካለው 3.3 ላይ ይደረግና በቴስተር ይለካ። ከድሮ ኮምፒውተር ጀርባ ካለው ባለ 9 እግር ሲሪያል ሶኬት ሽቦ መሳብ የሚያስብ ሰው ካለ እባኩን ይተው፤ ያ ሶኬት ከዜሮ በላይም ከዜሮ በታችም እስከ 12 ቮልት ገደማ ስለሚያወጣ ቦርዱ ያን ጊዜ በእርግጥ ይቃጠላል።

ላፕቶፑ ላይ ፑቲ ወይም ሚኒኮም የተባለው የሲሪያል ማንበቢያ ፕሮግራም በ115200 ፍጥነት፣ በ8 ዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ በ1 ስቶፕ ቢት ይከፈታል። ሃርድዌር ፍሎው ኮንትሮል መጥፋት አለበት። ሚኒኮም ላይ ብዙውን ጊዜ እንደበራ ስለሚመጣ ቦርዱ የሚጽፈው ይነበባል፣ ከኪቦርድ የሚጻፈው ግን አይደርስም፤ ሰውም ሽቦው ተበጥሷል ብሎ ይደክማል። ብዙ የሮክቺፕ ቦርዶች በ1500000 ፍጥነት ስለሚናገሩ በ115200 የሚታየው ዝብርቅርቅ ፊደል ብቻ ነው፤ አሮጌው ሲፒ2102 ደግሞ ከ1000000 በላይ ስለማይሄድ ለእነሱ ሌላ አዳፕተር ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ተከፍቶ ካለቀ በኋላ ነው ቦርዱ ኮረንቲ የሚሰጠው፤ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋሉና።

ምንም ፊደል ካልመጣ በመጀመሪያ ቲኤክስና አርኤክስ ይቀያየሩ፤ ከስህተቶች ሁሉ ተራው ይህ ነው። ቀጥሎ ኮረንቲ። ራስበሪ ፓይ 4 የሚፈልገው 5 ቮልት በ3 አምፔር ነው። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ማንበብ አይበቃም፤ ቦርዱ እየሠራ ሳለ 5 ቮልቱ ከቦርዱ እግሮች ላይ ይለካ። ቀጭን የስልክ ገመድ መንገድ ላይ ቮልት ይበላል፤ ራስበሪ ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ይኸው ቦርድ ያለ ሲሪያልም በአረንጓዴ መብራቱ ይናገራል፦ 4 ጊዜ ደጋግሞ ብልጭ ካለ የማስነሻ ፋይሉን፣ 7 ጊዜ ከሆነ ከርነሉን አላገኘም። ሁለቱም የካርዱ ችግር ነው፤ ቦርዱ ምንም አልሆነም።

ኮረንቲው ደህና ከሆነ ጥያቄው ቡትሎደሩ፣ ማለትም ኤስፒኤልና ዩ-ቡት፣ ትክክለኛ ቦታው ላይ ተጽፏል ወይ የሚለው ይሆናል። ቺፑ ላይ የታተመው ፕሮግራም ፎልደር አይፈልግም፤ ካርዱ ላይ የተወሰነ ነጥብ ሄዶ ያያል። በኦልዊነር ቺፖች ያ ነጥብ ከካርዱ መጀመሪያ 8 ኪሎባይት ላይ ነው። በአይኤምኤክስ6 1 ኪሎባይት ላይ ነው። በሮክቺፕ የመጀመሪያው ክፍል ሴክተር 64 ላይ፣ ማለትም 32 ኪሎባይት ላይ፣ ዋናው ዩ-ቡት ደግሞ በተለመደው አቀማመጥ ሴክተር 16384 ላይ፣ ማለትም 8 ሜጋባይት ላይ ይቀመጣል። የኢሜጁን (ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ሙሉ ሥርዓት) ፋይል እንደ ዘፈን ኮፒ አድርጎ ካርዱ ላይ መለጠፍ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፋይሉ ካርዱ ውስጥ አለ፣ ቺፑ በሚያይበት ነጥብ ላይ ግን ባዶ ነው። ኦልዊነር ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ካርዱ ጂፒቲ በተባለው የአከፋፈል ዘዴ ከተከፋፈለ የክፍልፋዩ ሠንጠረዥ የመጀመሪያዎቹን 17 ኪሎባይት ስለሚይዝ 8 ኪሎባይት ላይ የሚጻፈው ቡትሎደር ሠንጠረዡን ያበላሸዋል። ካርዱን በሌላው ዘዴ በኤምቢአር መከፋፈል፣ ወይም እንደ ኤች3 ባሉት ቺፖች 128 ኪሎባይት ያለውን ሁለተኛ ቦታ መጠቀም መፍትሔው ነው።

ቢግልቦን ብላክ ላይ ሲ የሚለው የላቲን ፊደል በየጥቂቱ እየተደረደረ ከመጣ ያ የምሥራች ነው። ቺፑ ሕያው ነው፤ ከካርዱም ከኢኤምኤምሲውም የሚነሳበት ነገር ስላጣ በሲሪያል መስመር ቡትሎደር እንዲላክለት እየለመነ ነው። በዚሁ ቦርድ «አዲስ ካርድ ከትቼ አሮጌው ነው የሚነሳው» የሚል ሰው ማወቅ ያለበት፣ ቦርዱ በተለመደው ቅደም ተከተል ኢኤምኤምሲውን ከካርዱ አስቀድሞ እንደሚያይ ነው። ኤስ2 የተባለው ከካርዱ ማስገቢያ አጠገብ ያለው ቁልፍ ተጭኖ ተይዞ ኮረንቲ ሲሰጥ ካርዱ ይቀድማል። ቁልፉ የሚነበበው ኮረንቲ በሚገባበት ቅጽበት ብቻ ስለሆነ ሪሴት ማድረግ አይበቃም፤ ገመዱ መነቀል አለበት።

ዩ-ቡት ከመጣ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ በሶፍትዌር የሚስተካከል ነው። የቅንብር ማስቀመጫው ሲአርሲ (የስህተት መፈተሻ ቁጥር) ተበላሽቷል፣ በነባሪው እሠራለሁ የሚለው ማስጠንቀቂያ በመጀመሪያ ጊዜ ማስነሳት የሚጠበቅ ነውና አያስደንግጥ። የኢሜጁ ዓይነት ትክክል አይደለም ካለ ትእዛዙና የከርነሉ ዓይነት አልተገጣጠሙም፦ ለዩኢሜጅ ቡትኤም፣ ለዚኢሜጅ ቡትዚ፣ ለ64 ቢቱ የአርም ከርነል ቡትአይ ነው። ከርነሉን እያስነሳሁ ነው የሚለውን መስመር ጽፎ ዝም ካለ ግን አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ከርነሉ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ የሚናገርበት መስመር ስም ብቻ ተሳስቷል። ኦልዊነር ላይ ቲቲዋይኤስ0 የሆነው አይኤምኤክስ6 ላይ ቲቲዋይኤምኤክስሲ0፣ በአንዳንድ ራስበሪ ፓይ ላይ ቲቲዋይኤኤምኤ0 ይባላል። ከሌላ ቦርድ የተገለበጠ የማስነሻ መስመር (ለከርነሉ የሚሰጠው የትእዛዝ ጽሑፍ) ይህን ስም ይዞ ይመጣል። ስሙ ትክክል ሆኖም ዝም ካለ ከርነሉ ገና ሲጀምር እንዲናገር የሚያደርገውን ኧርሊኮን የሚለውን ቃል ማስነሻ መስመሩ ላይ መጨመርና የዲቫይስ ትሪ ፋይሉ በትክክል የዚያው ሞዴል መሆኑን ማረጋገጥ ነው።

ከርነሉ መጥቶ የፋይል ሥርዓቱን መክፈት አልቻልኩም ብሎ ከቆመ ዓይን የሚያርፍበት በቅንፍ ውስጥ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ላይ ይሁን። 0,0 ከሆነ ከርነሉ በተሰጠው ስም የሚጠራ ዲስክ ጨርሶ አላወቀም፤ ወይ የካርዱ ድራይቨር ከርነሉ ውስጥ የለም፣ ወይ ስሙ ተሳስቷል፣ ወይ ካርዱ ሳይዘጋጅ ቸኩሏል። ለመጨረሻው ሩትዌይት የሚለውን ቃል ማስነሻ መስመሩ ላይ መጨመር ይበቃል። 179,2 ከሆነ ግን የካርዱን ሁለተኛ ክፍልፋይ አይቶታል፤ ውስጡን ማንበብ ነው ያልቻለው። የዲስክ ቁጥር ከርነል ሲቀየር ሊዘዋወር ስለሚችል በፓርትዩዩአይዲ (በክፍልፋዩ መለያ) መጥራት ይሻላል። ተራው ዩዩአይዲ (የፋይል ሥርዓቱ መለያ) ኢኒትራምኤፍኤስ የተባለው ጊዜያዊ የማስነሻ ፋይል ሥርዓት ከሌለ ብቻውን አይሠራም፤ ከርነሉ ራሱ የሚያውቀው የክፍልፋዩን መለያ ነው።

ስለ ሚሞሪ ካርድ ባጭሩ፦ ላዩ ላይ 64 ጊጋባይት ተጽፎ ውስጡ 8 የሆነ ካርድ አለ። ከሊኑክስ በኤፍ3፣ ከዊንዶውስ በኤች2ቴስትደብሊው ሳይፈተሽ ምንም አይጫንበት። ኢሜጁ ሲወርድ ፋይሉ አለመበላሸቱን የሚያሳየው የሻ256 ድምሩ ይመሳከር። ዲዲ በተባለው የመጻፊያ ትእዛዝ ከመጻፍ በፊት ኤልኤስቢኤልኬ የሚለው ትእዛዝ ካርዱ ሳይገባና ገብቶ ሁለት ጊዜ ይታይ፤ አዲስ የመጣው ስም ካርዱ ነው። በአንድ ፊደል ስህተት የላፕቶፑ ዲስክ ይደመሰሳል።

መብራት ድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ቡትሎደርን ኢኤምኤምሲ ወይም የቦርዱ ፍላሽ ላይ መጻፍ ላፕቶፑ በባትሪ፣ ቦርዱ በፓወር ባንክ ላይ ሆነው ይሁን። አንዳንድ ፓወር ባንክ ትንሽ ኮረንቲ ሲሳብ ራሱን ስለሚያጠፋ አስቀድሞ ግማሽ ሰዓት ይሞከር። መብራት ተመልሶም ሌላ ችግር ይከተላል፦ የሰዓት ባትሪ የሌለው ቦርድ ሲነሳ ያለፈ ቀን፣ አንዳንዴም 1970 ይዞ ይነሳል። ያኔ ኢንተርኔት እያለ ድረ ገጽ አይከፍትም፣ የፓኬጅ ማደሻውም ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም ይላል። ቀኑን በእጅ ማስተካከል ወይም ባለ ባትሪ የሰዓት ሞጁል መግጠም ያስወግደዋል።

ራውተር ላይ ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለውን ሊኑክስ ለሚጭኑ ሁለት ነገር ልጨምር። ፍላሹ 4 ሜጋባይት፣ ራሙ 32 ሜጋባይት ከሆነ 19.07 ከተባለው እትም በኋላ ያለው አይበቃውም፤ በግድ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጥብኛል። የአቴሮስ ቺፕ ባላቸው ራውተሮች ፍላሹ ውስጥ ኤአርቲ የሚባል ትንሽ ክፍልፋይ አለ፤ የዚያ አንድ ራውተር የዋይፋይ መለኪያ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ከሌላ ራውተር ተገልብጦ በትክክል አይተካም። ፍላሹ ሙሉ በሙሉ ሁለት ጊዜ ተነቦ፣ ሁለቱ ቅጂዎች ተመሳስለው፣ ከራውተሩ ውጭ ሳይቀመጥ ምንም አይጻፍበት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ የተባለው ልክ እዚህ ይሠራል። ቅጂው ካለ በስምንት እግሩ ፍላሽ ላይ በሚነክስ ክሊፕና በሲኤች341ኤ ፕሮግራመር ይመለሳል። ደብሊው25ኪው64 የሚል ፍላሽ 64 ሜጋቢት፣ ማለትም 8 ሜጋባይት ስለሆነ የቅጂው መጠን በትክክል ያን ያህል መሆን አለበት። የፕሮግራመሩ ጥቁር ቦርድ ዓይነት መረጃ የሚያልፍባቸውን እግሮች 5 ቮልት ላይ ሊተው ስለሚችል ከ3.3 ቮልቱ ፍላሽ ጋር ሳይገናኝ በቴስተር ይለካ።

ቦርድ የሚሸጡ ነጋዴዎች ከቻርጀሩና ከመያዣው ሳጥን ጋር የሲሪያል አዳፕተሩንም አብረው ቢያስመጡ፣ ከቦርዱ ዋጋ አንጻር ትንሽ ጭማሪ ነው። ኢምቤድድ ሲስተም (በዕቃ ውስጥ የሚገጠም ኮምፒውተር) የሚያስተምሩ መምህራንም የመጀመሪያውን የላቦራቶሪ ሰዓት ለኤልኢዲ ማብራት ሳይሆን ለሲሪያል መስመር ቢሰጡት፣ ተማሪው ቀሪውን ሴሚስተር የሚያየውን እያነበበ ይሠራል። የእናንተ የቴክኖሎጂ አምድ ደግሞ የሦስቱን ሽቦ አገናኝ ሥዕል ለራስበሪ ፓይ፣ ለኦሬንጅ ፓይና ለቢግልቦን ብላክ ለየብቻ ቢያትም፣ ሥዕሎቹን አዘጋጅቼ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ከጅማ